ተንሳፋፊ በረዶ እና የውሃ ሞገድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በረዶ የሚለው ቃል አገር ቤት ላደገ ሰው መጀመሪያ የሚያስታውሰው በክረምት የቆርቆሮ ጣሪያ የሚደበድበውን ነው። የዚህ ገጽ ጉዳይ ሌላው በረዶ ነው፤ ውሃው ራሱ ከላይ ረግቶ በባሕርና በሐይቅ ላይ የሚንሳፈፈው። ጥያቄዎቹ ከሁለት ዓይነት ሰዎች የሚመጡ ናቸው፤ በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች አቅራቢያ ከሚኖሩ ወገኖችና ስለ ዋልታዎቹ መቅለጥ በዜና ከሚሰሙ አንባቢዎች። ዓመቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነፋስ እየነፈሰ በረዶ ያለበት ውሃ ለምን ጸጥ ይላል?

ይህን ጥያቄ መጀመሪያ የጠየቅሁት እኔው ነኝ። በአንድ የጥር ማለዳ በሚኒሶታ፣ ዱሉት ከተማ፣ የሱፒሪየር ሐይቅ ዳር ቆሜ ነበር። ሩቅ፣ ውሃው ገላጣ በሆነበት ቦታ፣ ሞገዱ አናቱ እየነጣ ሲሰበር ይታያል። ወደ ዳር ቀርቦ በረዶው ውስጥ ሲገባ ግን ነጩ አረፋ ይጠፋል፤ ትናንሾቹ እጥፋቶችም ይጠፋሉ። የሚቀረው ሰፊና ዝግ ያለ መነሳትና መውደቅ ብቻ ነው፤ የተኛ ሰው የሚተነፍስበት ጋቢ ይመስላል። እግሬ ሥር ሲደርስ የበረዶ ቁርጥራጮቹ ተነካክተው የሸክላ ድስት ሲጋጭ የሚሰማውን የመሰለ ድምፅ አሰሙ። ከዚያ በቀር ጸጥታ ነበር።

ምክንያቱ ሁለት ነው። ሞገድን የሚወልደው ነፋስ ነው፤ ለመውለድ ደግሞ የውሃውን ገጽ መንካት አለበት። በረዶ በመካከል ከገባ ነፋሱ በረዶውን ይገፋ እንደሆነ እንጂ አዲስ ሞገድ አያነሳም። በሌላ በኩል፣ ከገላጣው ውሃ ተነስቶ የመጣው ሞገድ በረዶው ውስጥ በተጓዘ ቁጥር ጉልበቱን እየተነጠቀ ይሄዳል።

ሁሉም ሞገድ እኩል ይጠፋል?

አይጠፋም፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍም ይኸው ነው። ወንፊት ደቃቁን አሳልፎ ሻካራውን ያስቀራል። በረዶ የተገላቢጦሽ ወንፊት ነው፤ ደቃቁን ሞገድ አስቀርቶ ረጅሙን ያሳልፋል።

“ረጅም” ሲባል ከፍታ ማለት አይደለም፤ ከአንዱ ሞገድ አናት እስከ ቀጣዩ አናት ያለው ርቀት ነው። በጥልቅ ውሃ ላይ ሁለት አናቶች በየ3 ሰከንዱ የሚያልፉ ከሆነ በመካከላቸው 14 ሜትር ያህል ርቀት አለ። በየ10 ሰከንዱ የሚያልፉ ከሆነ 156 ሜትር፣ በየ18 ሰከንዱ ከሆነ ደግሞ 500 ሜትር ያህል ይሆናል። የ3 ሰከንዱ ሞገድ የበረዶው ጠርዝ አካባቢ ከስሞ ይቀራል። የ18 ሰከንዱ፣ ከሩቅ አውሎ ነፋስ የተነሳው፣ ብዙ አሥር ኪሎ ሜትሮችን፣ አንዳንዴም መቶዎችን ይዘልቃል። በበረዶ ውስጥ የሚጓዙ መርከበኞች አድማሱ ሁሉ ነጭና የማይንቀሳቀስ መስሎ እየታያቸው መርከባቸው በዝግታ ከፍ ዝቅ ሲል የሚሰማቸውም ለዚህ ነው።

ጣናን እምቦጭ በወረረው ጊዜ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ጀልባ የምታስነሳው ትንሽ ሞገድ የአረሙ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ይሞታል። ከሐይቁ መሀል የመጣው ትልቁ ሞገድ ግን አረንጓዴውን ምንጣፍ ከነአበባው እያነሳና እያወረደ ከሥሩ ያልፋል። እምቦጭ የበረዶ ግትርነት የለውም፤ ሆኖም አጫጭሩን ገትቶ ረጅሙን ማሳለፉ በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው።

የጠፋው ጉልበት የት ይሄዳል?

ከፊሉ አልጠፋም፤ ተበትኗል። እያንዳንዱ የበረዶ ገበታ ሞገዱን በከፊል ወደ ኋላና ወደ ጎን ይመልሰዋል። አንዱ ገበታ የመለሰውን ሌላው ደግሞ ይመልሰዋል፤ ስለዚህ ሞገድ በረዶው ውስጥ ጠልቆ ሲገባ ከአንድ አቅጣጫ መምጣቱ ይቀርና ከየአቅጣጫው የሚመጣ ይመስላል።

የቀረው በእርግጥ ይባክናል። በበረዶው ሻካራ ሥር የሚያልፈው ውሃ ይፋተጋል፤ ቁርጥራጮቹ ይጋጫሉ፤ ሞገዱ በገበታዎቹ ላይ ውሃ እየደፋ ያልፋል፤ በረዶው ራሱም ሲጎብጥና ሲቃና ጥቂት ጉልበት ይበላል። ይህ ሁሉ መጨረሻው ሙቀት ነው፤ መጠኑ ግን እጅግ ትንሽ ነው። ከመበተንና ከመባከን የትኛው ያመዝናል ለሚለው ጥያቄ መልሱ በበረዶው መጠን ይወሰናል። ገበታዎቹ ከሞገዱ ርዝመት ጋር የሚቀራረቡ ከሆነ መበተኑ ይበረታል፤ በረዶው ደቃቅ ወይም ልቅላቂ ከሆነ መባከኑ።

የበረዶው ዓይነት ለውጥ ያመጣል?

እጅግ። የባሕር ውሃ ጨው ስላለበት የሚረጋው ከዜሮ በታች 1.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ነው። ሞገድ ባለበት ባሕር ላይ መርጋት ሲጀምር ወዲያው ንጣፍ አይሠራም። በመጀመሪያ መርፌና ቅርፊት የመሰሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ይፈጠሩና ተጠራቅመው ውሃውን እንደ አጥሚት ያወፍሩታል። ያን ጊዜ ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል፤ አንጸባራቂነቱ ይደበዝዛል፤ ነፋስ የሚያነሳው ሽብሽብ ከላዩ ይጠፋል። እንግሊዛዊው የዓሣ ነባሪ አዳኝና ተመራማሪ ዊልያም ስኮርስቢ ይህን የማረጋጋት ኃይል በ1820 ባሳተመው የአርክቲክ መጽሐፉ ገልጾታል። ሳይንቲስቶች ቀመር ከማበጀታቸው በፊት መርከበኞች ያውቁት ነበር ማለት ነው።

ብርዱ ሲቀጥል ያ አጥሚት ይጓጉልና ክብ ክብ ገበታ ይሆናል። በዓለም ዙሪያ የሚታወቀው ፓንኬክ በረዶ በሚል ስም ነው፤ እኔ ግን ባየሁት ቁጥር የሚመጣብኝ ሰፌድ ነው። ስፋቱ ከ30 ሳንቲ ሜትር እስከ 3 ሜትር ሲሆን፣ እያንዳንዱ ገበታ ልክ እንደ ሰፌድ ዙሪያውን ከፍ ያለ ጠርዝ አለው። ጠርዙን የሚሠራው ሞገዱ ነው። ገበታዎቹ በተጋጩ ቁጥር በመካከላቸው ያለው ልቅላቂ በረዶ ተጨምቆ ወደ ላይ ይወጣና ዳር ዳሩ ላይ ይረጋል። ዱሉት ላይ አንዱን በእንጨት ገፋ አድርጌ አይቼው ነበር፤ መሀሉ ግራጫና እርጥብ፣ ጠርዙ ግን ነጭና እንደ ጨው የሚፈረፈር ነበር።

ይህ ነገር በጣም ይገርመኛል፦ ሞገዱ ኋላ የሚያረግበውን በረዶ በመጀመሪያ የሚቀርጸው ራሱ ነው። ሞገድ በሌለበት ጸጥ ያለ ውሃ በረዶው ለጥ ያለ ንጣፍ ሆኖ ይረጋል፤ ሰፌዶቹ አይኖሩም። በአንታርክቲካ ዙሪያ በየዓመቱ ብርዱ ሲገባ ወደ ውጭ የሚስፋፋው የባሕር በረዶ ብዙው የሚጀምረው በእነዚህ ሰፌዶች ነው። ኋላ እርስ በርስ ተጣብቀው አንድ ወጥ ንጣፍ ይሆናሉ።

በረዶ ሞገድን ያፈጥናል ወይስ ያዘገያል?

ሁለቱንም ማድረግ ይችላል። የበረዶው ክብደት ሞገዱን ያዘገያል፤ ግትርነቱ ደግሞ እንደተወጠረ የከበሮ ቆዳ ያፈጥነዋል። በልቅላቂና በተሰባበረ በረዶ ውስጥ ግትርነት ስለሌለ ክብደቱ ብቻ ይቀራል። በወጥ ንጣፍ ሥር ደግሞ በተለይ ለአጫጭር ሞገዶች ግትርነቱ ያሸንፋል። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አልፍሬድ ግሪንሂል በ1880ዎቹ በረዶን እንደ ቀጭን ተለማጭ ሰሌዳ ቆጥሮ ያወጣው ስሌት እስከ ዛሬ መነሻ ሆኖ ያገለግላል። ለረጅም ሞገድ ግን ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ 500 ሜትር ለሚረዝም ሞገድ የ1 ሜትር በረዶ እንደ ነጠላ ነው።

ሞገድ ወፍራም በረዶን መስበር ይችላል?

ይችላል። በረዶ ጠንካራ ይምሰል እንጂ መጉበጥ አይወድም። ትኩስ እንጀራ ይታጠፋል፤ ድርቆሽ ግን ገና ማጠፍ ስትጀምሩ ቀጭ ይላል። የባሕር በረዶ ከድርቆሹ ወገን ነው። ሞገዱ ከሥሩ ሲያልፍ በረዶው አናቱ ላይ ወደ ላይ፣ ጎድጓዳው ላይ ወደ ታች ይጎብጣል። ጉብጠቱ ከአቅሙ ካለፈ ይሰነጠቃል። የሚወስነው የሞገዱ ቁመት ብቻ ሳይሆን ቁልቁለቱም ነው፤ በጣም ረጅምና ለስላሳ ሞገድ በረዶውን ሳይሰብር ሊያልፍ ይችላል።

በ2010 ከኖርዌይ በስተሰሜን ባለው በባሬንትስ ባሕር የሆነውን ልንገራችሁ፤ ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ ይህን የሚያህል ግልጽ የለም። ግንቦት 2 ቀን ላንስ የተባለችው የኖርዌይ የምርምር መርከብ በረዶው ውስጥ ነበረች፤ በውጭ ደግሞ ኃይለኛ ሞገድ ወደ በረዶው ይገሰግስ ነበር። መርከቢቱ ሞገድ ልትለካ አልሄደችም፤ ቦታዋን የሚመዘግበው የጂፒኤስ መሣሪያ ግን መነሳትና መውደቋን ሁሉ ይዞት ነበርና ኋላ ተመራማሪዎች ከእርሱ ታሪኩን አነበቡ። በመጀመሪያ በረዶው ሞገዱን አግዶት ነበር፤ መርከቢቱ እምብዛም አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ የመሰበሩ ግንባር እየቀረበ መጣ። በረዶው ከተሰበረ በኋላ ትልቁ ሞገድ የሚያግደው የሌለ ይመስል አለፈ። ያልተሰበረው በረዶ ምንም አላሳለፈም፤ የተሰበረው ሁሉንም አሳለፈ።

እርስ በርስ የሚመጋገበው ነገር እዚህ ላይ ይታያል። ሞገድ በረዶውን ይሰብራል፤ የተሰበረው በረዶ ሞገድን የመግታት አቅሙ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ቀጣዩ ሞገድ የበለጠ ወደ ውስጥ ዘልቆ ይሰብራል። በጠርዙ አካባቢ ያሉት ገበታዎች በአብዛኛው አነስተኛ፣ ወደ ውስጥ ሲገባ ግን እየሰፉ የሚሄዱትም በዚህ ምክንያት ነው።

ሞገድ በረዶው ውስጥ ምን ያህል ርቀት ይገባል?

ጎርደን ሮቢን የተባለ ተመራማሪ፣ ጆን ቢስኮ በተባለችው መርከብ ላይ ሆኖ፣ በ1959 እና በ1960 መካከል በአንታርክቲካ፣ በዌደል ባሕር በረዶ ውስጥ ሞገድን ለካ። አጭሩ ቶሎ እንደሚጠፋ፣ ረጅሙ እንደሚዘልቅ በቁጥር ያሳየ ቀደምት ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የተያዘው ግምት ሞገድ በእኩል ርቀት እኩል እጅ እየቀነሰ ይሄዳል የሚል ነበር። ለምሳሌ በየ10 ኪሎ ሜትሩ ግማሹን የሚያጣ ከሆነ፣ ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ የሚቀረው ከስምንት አንዱ ነው።

ይህ ግምት ለትላልቅ ሞገዶች እንደማይሠራ የታየው በ2012 ነው። በኒውዚላንዳዊቷ አሊሰን ኮሁት የተመራ ቡድን በአንታርክቲካ የባሕር በረዶ ላይ አምስት መለኪያዎች አስቀመጠ። ውጤቱ በ2014 ሲታተም፣ ከ3 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው የአውሎ ነፋስ ሞገዶች ከተገመተው በጣም በዝግታ እንደሚቀንሱና በመቶዎች ኪሎ ሜትር ውስጥ በረዶ ለመስበር እንደሚበቁ አሳየ። በቀደሙት ስሌቶች ላይ የተመሠረቱ ትንበያዎች በአውሎ ነፋስ ወቅት የበረዶውን መሰበር አሳንሰው ይገምቱ ነበር ማለት ነው።

ከሌላው የዓለም ጫፍ የተነሳ ሞገድ የአንታርክቲካን በረዶ ሊጎዳ ይችላል?

አዎን፤ ጎድቶም ያውቃል። መጋቢት 11 ቀን 2011 ጃፓንን የመታው ሱናሚ ከ13,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ 18 ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ በአንታርክቲካ የሰልዝበርገር የበረዶ መደርደሪያ (ከየብስ ወጥቶ ባሕር ላይ የተንሳፈፈ ወፍራም በረዶ) ጠርዝ ላይ ደረሰ። እዚያ ሲደርስ ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ከጉልበት በታች። በረዶው ደግሞ 80 ሜትር ያህል ውፍረት ነበረው። ነገር ግን ሞገዱ ደጋግሞ አነሳው፣ ደጋግሞ አወረደው፤ በጠቅላላው 125 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል በረዶ ተቆርጦ ሄደ። በጊዜው ከመደርደሪያው ፊት የባሕር በረዶ አለመኖሩ ነገሩን አቅልሎታል።

ከዚያ ቀደም ሲል ጥቅምት 2005 በአላስካ ባሕረ ሰላጤ የተነሳ አውሎ ነፋስ የወለደው ሞገድ ከቀናት በኋላ ቢ15ኤ የተባለው ግዙፍ የበረዶ ተራራ ወዳለበት ወደ አንታርክቲካ ዳርቻ ደርሷል። ተመራማሪዎች በበረዶው ላይ ተተክሎ የነበረ የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ የመዘገበውን ተመልክተው የበረዶውን መሰባበር ከዚያ ሞገድ ጋር አያይዘውታል።

የጭነት መኪና በረዶ ላይ ሲሄድም ሞገድ ይፈጠራል ይባላል፤ እውነት ነው?

እውነት ነው። መኪናው በክብደቱ በረዶውን በጥቂቱ ያጎደጉደዋል፤ ጉድጓዱም ከመኪናው ጋር አብሮ ሲሄድ በበረዶውና በውሃው ላይ ሞገድ ይፈጥራል። የመኪናው ፍጥነት ከሞገዱ ፍጥነት ጋር እኩል ከሆነ ሞገዱ መራቅ ያቅተዋል፤ መኪናው ሥር እየተጠራቀመ በረዶውን እስከ መስበር ይደርሳል። በማይጠልቅ ሐይቅ ይህ አደገኛ ፍጥነት በውሃው ጥልቀት ይወሰናል፤ 10 ሜትር ጥልቀት ላይ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ያህል፣ 5 ሜትር ላይ 25 ያህል ነው። ስለዚህ ወደ ዳር ሲቀርቡ ፍጥነት መቀነስ ያስፈልጋል።

በ1941 እና በ1942 መካከል በነበረው ብርድ፣ የሩሲያዋ ሌኒንግራድ (የዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ) በጀርመን ጦር ተከባ በነበረበት ጊዜ፣ እህል የሚያመላልሱ መኪናዎች የላዶጋን ሐይቅ በረዶ ያቋርጡ ነበር። የከተማዋ የፊዚክስ ሊቃውንት ቡድን ከባዱ መኪና ባለፈበት ቦታ ቀላሉ ሲሰምጥ አየ። ከእነርሱ አንዱ ናኡም ሬይኖቭ የሠራው የጉብጠት መለኪያ ምክንያቱ ይኸው የሞገድ መጠራቀም መሆኑን አሳየ። ዛሬ በካናዳ ሰሜን ወደ አልማዝ ማዕድኖቹ በሚወስደው የበረዶ መንገድ ጭነት የያዙ መኪናዎች በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ እንዲሄዱ አይፈቀድላቸውም።

የአርክቲክ በረዶ እየቀነሰ ሲሄድ ሞገዱ ምን ይሆናል?

ያድጋል። ነፋስ ትልቅ ሞገድ ለማንሳት ሰፊ ገላጣ ውሃ ይፈልጋል። ቀድሞ በበጋም በበረዶ ይሸፈን የነበረው፣ ከአላስካና ከካናዳ በስተሰሜን ያለው የቦፎርት ባሕር አሁን በመስከረም ብዙው ክፍሉ ይከፈታል። በ2012 መስከረም የአርክቲክ በረዶ ወደ 3.4 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ወረደ፤ ሳተላይት መለካት ከጀመረ ወዲህ ዝቅተኛው ነው። በዚያው ወር በቦፎርት ባሕር 5 ሜትር የሚደርስ ሞገድ ተለካ።

ዋጋውን የሚከፍሉት በዳርቻው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ሺሽማሬፍ በአላስካ፣ በአንዲት ደሴት ላይ ያለች ትንሽ መንደር ናት። ቀድሞ በመኸር ወራት የሚረጋው የባሕር በረዶ እንደ አጥር ሆኖ ከአውሎ ነፋስ ሞገድ ይጠብቃት ነበር። በረዶው እየዘገየ ሲመጣ ሞገዱ ያለ አጥር ይመታታል፤ ከሥሯ ያለው የበረደ አፈርም እየቀለጠ ይናዳል። ነዋሪዎቿ በ2016 መንደራቸውን ወደ ሌላ ቦታ ለማዛወር ድምፅ ሰጡ። አባቶቻቸው የተቀበሩበትን ቦታ ለመተው ድምፅ መስጠት ምን ማለት እንደሆነ ከቀዬው የተፈናቀለ ሰው ያውቀዋል።

በአንታርክቲካም ላርሰን ቢ የተባለው የበረዶ መደርደሪያ በ2002 በሳምንታት ውስጥ 3,250 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲፈራርስ፣ ከላይ በቀለጠው ውሃ ከመዳከሙ ሌላ፣ ከፊቱ የነበረው የባሕር በረዶ ጠፍቶ ለረጃጅም ሞገዶች ተጋልጦ ነበር።

ይህ ሁሉ እንዴት ይለካል?

በረዶው ላይ በሚቀመጡ ተንሳፋፊ መለኪያዎች፣ በራዳር ሳተላይቶች፣ እንዲሁም በ2018 በተላከው አይስሳት 2 ሳተላይት የሌዘር ጨረር። እንደ ዌቭዋች 3 ያሉ የሞገድ መተንበያ ፕሮግራሞችም የበረዶውን ድርሻ ያሰላሉ፤ መርከቦች መንገዳቸውን የሚመርጡት እነዚህን አይተው ነው።

በቤቴ ልሞክረው እችላለሁ?

ሰፊ ትሪ ወስዳችሁ ውሃ ሙሉበት፤ ግማሹን በተፈጨ በረዶ ሸፍኑት። ገላጣውን ወገን በጣታችሁ ቶሎ ቶሎ ብትነኩት የሚነሳው ሽብሽብ በረዶው ጠርዝ ላይ ሲቆም ታያላችሁ። ቀጥሎ ትሪውን በአንድ በኩል ቀስ ብላችሁ ከፍ ዝቅ አድርጉት። ያን ጊዜ በረዶው ሁሉ አብሮ ይወዛወዛል። ልጆች ይህን በጣም ይወዱታል።

በሐይቅ በረዶ ላይ ቆሜ ሳለ ሞገድ ቢመጣስ?

በሚኒሶታ፣ በሚሺጋንም ሆነ በቶሮንቶ አካባቢ ለሚኖር ሁሉ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። ትልልቆቹ ሐይቆች ከዳር ረግተው መሀላቸው ገላጣ ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ ከገላጣው የሚመጣ ሞገድና ነፋስ ደግሞ ከሩቅ የማይታይ ስንጥቅ ያበጃሉ። በየካቲት 2009 በኢሪ ሐይቅ ላይ ዓሣ ሊያጠምዱ የወጡ ከ100 በላይ ሰዎች የቆሙበት በረዶ ከዳርቻው ተላቅቆ ይዟቸው ሄደ፤ በሄሊኮፕተርና በጀልባ ነው የወጡት፤ አንድ ሰው ሞቷል።

በረዶው ላይ ሆናችሁ በስንጥቅ ውስጥ ያለው ውሃ ከፍ ዝቅ ሲል ካያችሁ፣ ወይም እግራችሁ ሥር ዝግ ያለ መነሳትና መውደቅ ከተሰማችሁ፣ ሞገዱ ደርሷል። ዕቃችሁን ትታችሁ፣ ሳትጠጋጉ ተራርቃችሁ፣ በመጣችሁበት መንገድ ወደ ዳር ተመለሱ። ከዳርቻው ጋር የሚያገናኛችሁ በረዶ ተሰንጥቆ ውሃ ካስገባ ለመዝለል አትሞክሩ፤ ከጠርዙ ራቁና ወደ 911 ደውሉ።